የሳፊያ ድንቢጦች

የአቶ ሙሄዲን አባት በሕይወት ሳሉ ለልጆቻቸው የሚደጋግሙት አንድ ምክር ነበራቸው። ውሃውን ከሰው እጅ የሚጠጣ ፍጡር ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ለዚያ ሰው የተሰጠ አማና፣ የአላህ አደራ፣ እንደሆነና በቂያማ ዕለት ስለ እሱ እንደሚጠየቅበት ይነግሯቸው ነበር። ይህን ምክር አጥብቃ የያዘችው ሴት ልጃቸው ሳፊያ ነበረች። ሙሄዲን ግን ደሴ ሰኞ ገበያ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ተክለው ሠላሳ ዓመት ሲሰፉ ምክሩን በክብር ያስታውሱት ነበር እንጂ አንድ ቀን በራሳቸው ላይ ይፈርድብኛል ብለው አስበው አያውቁም።

ሳፊያ በሐምሌ 1980 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ አረፈች። ልጅ አልነበራትም። ከእሷ የቀረው ከቦርከና ወንዝ ከፍ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤትና በሽቦ ሳጥን ውስጥ የምታኖራቸው ሁለት ድንቢጦች ነበሩ። ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጡ፣ ጀርባቸው አፈር የመሰለ፣ ደረታቸው የጠራ ሰማይ የመሰለ ወፎች ናቸው። ወንዱን ከሴቷ የሚለየው ጉንጩ ላይ ያለው ቀይ ነጥብ ነው፤ ገና አሁን በጣት የተቀባ ይመስላል።

ሙሄዲን ወፎቹን ደሴ፣ ሆጤ ወደሚገኘው ቤታቸው ወሰዷቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱም ከሳጥኑ ወለል ላይ ላባቸውን እንደ ተባዘተ ጥጥ ነፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተገኙ። ሚስታቸው መዲና ሳጥኑን በነጠላዋ ሸፈነችና ተቆጣች።

"እነዚህ የቦርከና ልጆች ናቸው፤ የጦሳ ተራራን ብርድ ከየት ያውቁታል? ዛሬውኑ ይመልሷቸው። የሳፊያ ነፍስ ትታዘበናለች።"

መለሷቸው። ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ዓርብ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ እየወረዱ ጤፋቸውን ያፈሱ፣ ውሃቸውን ይለውጡ ጀመር። የይለፍ ወረቀት የጻፈላቸው የሆጤ ቀበሌ ጸሐፊ "የሟች እህታቸውን ወፎች ለመጠበቅ" የሚለውን ሲጽፍ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። በኬላው ላይ የሚቆሙት ጠባቂዎችም ሳይቀሩ "ወፍ ጠባቂው" ይሏቸው ነበር። ሙሄዲን ኮስታራ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም በዚህ ስም ከመስከረም ወዲህ አልተከፉም። ምክንያቱም በመስከረም መጨረሻ የአንድያ ልጃቸው የጀላል ስም ለብሔራዊ ውትድርና ከተመለመሉት ዝርዝር ውስጥ ተለጠፈ። ሙሄዲን ልጄ ሥራ ፍለጋ አሰብ ወርዷል፣ ወሬውም ጠፍቶብኛል ብለው አስመዘገቡ። ጀላል ግን ኮምቦልቻ፣ የሳፊያ ቤት ውስጥ፣ ሁለቱን ክፍሎች ከሚለየው አበባማ መጋረጃ ጀርባ ነበር።

ወፎቹ የተቆለፈ ቤት ውስጥ ለሚሰማ ኮሽታ ሁሉ ምክንያት ሆኑ። በእጅ ተይዞ ለሚገባ እህልም፣ በር ተዘግቶ ለሚቆዩበት ረጅም ሰዓትም እንዲሁ። ሙሄዲን ያላሰቡት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ቀኑን ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ ሲቀመጥ ከፊቱ ያለው ሕይወት እነዚህ ሁለት ወፎች ብቻ ናቸው። ጀላል ውሃቸውን በየቀኑ ለወጠ። ቅል ቀዶ ሳር ጎዘጎዘላቸው። ወንዱ አንዲት ሰበዝ በአፉ ይዞ ሴቷ ፊት ሲዘል፣ ሲሰግድ እያየ በደብተሩ ጻፈ። ሴቷ ነጫጭ እንቁላል ስትጥል ቀኑን ጻፈ፤ ሁለቱ ተራ ገብተው ሲታቀፉ ሰዓታቸውን ጻፈ። በኅዳር መጀመሪያ አራት ጫጩት ተፈለፈለ።

ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ሙሄዲን ቤቱን ከፍተው ገና ሳይቀመጡ በሩ ተንኳኳ። ጀላል መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ጨርቁ መወዛወዙን እስኪያቆም ድረስ ሙሄዲን አልከፈቱም።

በሩ ላይ የቆመው ወርቅአፈራሁ ነበር፤ የሰፈሩ ቀበሌ አብዮት ጥበቃ፣ አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ጠመንጃውን እንደ መጥረቢያ ትከሻው ላይ የሚያጋድም ሰው። ከአብዮቱ በፊት የቦርከናን ሳር እየዞረ ወፍ ያጠምድ ስለነበር ሙሄዲን ያውቁታል። ያን ጊዜ አንተ ይሉት ነበር፤ አሁን አንተ ለማለት ፈሩ፣ አንቱ ለማለትም ከበዳቸው።

"ወፍ ጠባቂው! እንዴት ሰነበቱ?"

"አልሐምዱሊላህ። ይግቡ... ግባ፣ ጓድ ወርቅአፈራሁ።"

"ጓዱን እንኳ ለስብሰባ ያስቀሩልኝ፣ ጋሼ ሙሄዲን።" ሳቀና ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። "በዚህ ሳልፍ ድምፅ ሰማሁ። የሳፊያ ባልና ሚስት ወለዱ እንዴ?"

መልስ ሳይጠብቅ ሳጥኑ ፊት ተንበረከከ። ከቅሉ ውስጥ ብዙ ትናንሽ መቀሶች ጨርቅ የሚቆርጡ የሚመስል ድምፅ ይወጣል። ወርቅአፈራሁ ጆሮውን ወደ ሽቦው አስጠግቶ አዳመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ጠባቂነት ቀስ በቀስ ሲለቀው ሙሄዲን አዩ።

"እነዚህን ለሳፊያ ይዤ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ነግራዎት ነበር? ድንቢጥ በጉልበት አይያዝም። ሦስት ቀን ዘር እበትናለሁ፤ መረብ የለ፣ ምን የለ፣ በልተው ይሄዳሉ። በአራተኛው ቀን እንደ ዘመድ ያዩኛል፤ ያኔ መረቡን እጥላለሁ። ይህን ስነግራት ሳፊያ ምን አለችኝ መሰለዎት? 'አንተ ከሃዲ፣ አብልተህ ታስራለህ?' ከዚያ ወዲያ አንድም አልያዝኩም።"

"አላህ ይማራት" አሉ ሙሄዲን።

ወርቅአፈራሁ በሳጥኑ ጥግ ያለውን ጣሳ አነሳ። በውስጡ እርጥብ ቀይ አፈር ነበር፤ በአፈሩ ላይ ነጫጭ ምስጦች ይርመሰመሳሉ። ጣሳውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

"እርስዎ የሚመጡት ማክሰኞና ዓርብ ነው።"

"ማክሰኞና ዓርብ።"

"ጫጩት በደረቅ ጤፍ አያድግም፣ ጋሼ ሙሄዲን። እናትና አባት ትኩስ ምስጥ ሲያገኙ ነው የሚያጎርሱት፤ ያውም ከጠዋት እስከ ማታ። ሁለት ቀን ቢቀርባቸው ከቅሉ አውጥተው ይጥሏቸዋል። እነዚህ ግን እንደ ሙክት ወፍረዋል። ይህ ምስጥ ዛሬ ጠዋት የተቆፈረ ነው፤ እርስዎ ደግሞ አሁን ገቡ።"

ሙሄዲን የወፎቹን መራባት እንደ በረከት ቆጥረውት ነበር። ያ ሁሉ እንክብካቤ ሰው እዚህ አለ ብሎ የሚጮህ ምልክት እንደሆነ አሁን ገና ገባቸው። ዓይናቸው ወደ መጋረጃው እንዳይሄድ በሙሉ ጉልበታቸው ከለከሉት።

ወርቅአፈራሁ ጣሳውን በቦታው መለሰ። ከዚያም ተነሥቶ ሆነ ብሎ ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጠ።

"እኔ ያላየሁትን አላየሁም ብዬ በሚካኤል መማል እችላለሁ። ያየሁትን አላየሁም ብዬ ግን አልምልም። ስለዚህ ወደዚያ አላይም፤ ጨርቁንም አልነካም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የእኔ ልጅ ቀለሙ ለውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደብዳቤ የለም። ስሙን ለሕዝብ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ፤ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኩት ፊደል። ሁለተኛ ቁልፍ አለዎት?"

"ለምን?"

"የቀበሌው የውትድርና ኮታ አልሞላም። ሰሞኑን ቤት ለቤት ይታያል። ይህን ጣሳ የሚያይ ካድሬ ቢመጣ፣ ወፎቹን በየቀኑ የማበላው እኔ ነኝ እላለሁ። ቁልፍ ከሌለኝ ማን ያምነኛል?"

ሙሄዲን እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሁለተኛው፣ የሳፊያ ቁልፍ እዚያ ነበር፤ ቀዝቃዛ፣ ትንሽ። ሊከለክሉ ቢሉ ምክንያት የላቸውም፤ ሊሰጡ ቢሉ የልጃቸውን በር ለጠመንጃ ያዥ መስጠት ነው። በመጨረሻ የሰጡት አምነው አልነበረም፤ እንቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል ስለፈሩ እንጂ።

አውቶቡሱ ሐረጎን ሲወጣ በእያንዳንዱ ጥምዝ ያ ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ሲዞር ይታያቸው ነበር። ቤት ደርሰው ለመዲና ሲነግሯት ቁጭ አለች።

"ቁልፉን ሰጡት?"

"ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር?"

"ክፉ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይዞት አይሄድም ነበር?"

"ብቻውን ነበር። መመስገን የሚፈልግ ሰው ለአለቃው በአደባባይ ነው የሚያሳየው።"

ቅዳሜ የሰው ኮት እጅጌ ገልብጠው ሰፉ። እሑድ የያዙትን ጥቁር ክር በነጭ ጨርቅ ላይ አስገቡት፤ እንዲህ ያለ ስህተት ከልጅነታቸው ወዲህ አልሠሩም። ሰኞ ገበያው ሞልቶ ሲተራመስ አንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው በበረንዳው ባለፈ ቁጥር እግራቸው ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ይቆማል። ደግሞም አንድ ነገር ብቻ ይመላለስባቸው ነበር፦ ሦስት ቀን ይበትናል፤ በአራተኛው መረቡን ይጥላል።

ማክሰኞ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ጀላል ሳቅ በሳቅ ሆኖ ተቀበላቸው። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ሲስቅ ማየት ሊያስደስታቸው ሲገባ ይባስ አስፈራቸው።

"አባ፣ ይህ ሰውዬ ጉድ ነው! በየጠዋቱ ይመጣል። ምስጣቸውን ይሰጣል፣ ይቀመጣል፣ ከወፎቹ ጋር ያወራል። ለእኔ አንድም ቃል አይናገርም። 'ድንቢጦች፣ ፈታሾቹ ዛሬ ወደ ሐርቡ መንገድ ነው የወጡት፤ አርፋችሁ ዋሉ' ይላቸዋል። ሲወጣ መጋረጃው ሥር ዳቦ ያስቀምጣል። ትናንት ደግሞ ምን አለ? 'የዘንድሮ ድንቢጥ ዳቦ ይወዳል፤ እንዲህ የሚበላ ወፍ አይቼ አላውቅም።' ሳቄን በትራስ አፈንኩት።"

"ስንት ቀን መጣ?"

"ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። ዛሬም መጥቷል።"

"ዛሬ አራተኛው ነው።"

ጀላል አባቱ የሚሉት ገባው፤ እሱም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ የአጥማጁን ታሪክ ሰምቷል። "አባ፣ እሱ እኮ መያዝ ትቻለሁ ነው ያለው። አክስቴ ከሰደበችው ወዲህ።"

"ሰው ስለ ራሱ የሚለውን ነው የምትነግረኝ። እኔ የማየው ዳቦውን ነው።"

ነገሩን አስቀድመው አስበውበት መጥተዋል። የመዲና ወንድም ሀምዱ ሰኞ ባቲ ገበያ ውሎ ማክሰኞ ኮምቦልቻ ጨው ያራግፋል፤ ከሰዓት በኋላ ባዶ ግመሎቹን እየነዳ ወደ ዳዌ ይመለሳል። አንድ ሽርጥ የታጠቀ፣ ራሱን በሻሽ የጠመጠመ ወጣት ከግመሎቹ መካከል ቢሄድ ኬላው ላይ ከሀምዱ ልጆች አይለይም። ሽርጡም ሻሹም በሙሄዲን ዘንቢል ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር ነበር።

"ዛሬ? አሁን?" ጀላል ወደ ቅሉ ዞረ። "አሥራ አምስት ቀናቸው ነው። ከቅሉ ለመውጣት ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ ቀራቸው። እሱ በጠዋት አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ የቀኑን የማበላው እኔ ነኝ።"

"ልጄ፣ ወላሂ ስለ ወፍ አታናግረኝ።"

ጀላል ከውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ሥር ቆፍሮ ጣሳውን ከዳር እስከ ዳር በምስጥ ሞላው፤ ውሃውን ለወጠ። ሽርጡን ታጥቆ ሲያበቃ መጋረጃውን ወደ ጎን ሰበሰበው። የውስጠኛው ክፍል ታየ፤ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ያ ደብተር።

"ምን ታደርጋለህ?"

"ክፍት ይሁን። ነገ ሲመጣ ማንም እንደሌለ ያያል። ወይም አንድ ቃል እንተውለት፣ አባ። ይህ ሰው ለእኔ ሲል..."

"ቶሎ ባወቀ ቁጥር ቶሎ ይከተልሃል። አንድ ቀን ማትረፍ አለብን።"

ሙሄዲን መጋረጃውን በገዛ እጃቸው ጎትተው ዘጉት። ጨርቁን ሳፊያ የገዛችው፣ ጠርዙን እሳቸው የሰፉት ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ አብዮት ጥበቃዎቹ ስብሰባ ላይ ሳሉ፣ አባትና ልጅ በአጥሩ ጀርባ ወጥተው ግመሎቹ ወደቆሙበት ሜዳ ሄዱ። ሙሄዲን ከሩቅ ሆነው ግመሎቹ ኬላውን ሲያልፉ ቆጠሩ። ማንም ጮኾ አልጠራም። መንገዱ ባዶ ሲሆን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓርብ ወዲህ ትንፋሻቸው እስከ ሆዳቸው ወረደ።

ዓርብ፣ እንደ ልማዳቸው ለመታየት ሲሉ፣ ኮምቦልቻ ወረዱ። በሩ ሳይቆለፍ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ጎረቤቷ እማማ ወለተ ማርያም፣ ለሳፊያ ከእህት የማይተናነሱ አሮጊት፣ ደፉ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቋቸዋል። በጭናቸው ላይ የሽቦው ሳጥን አለ።

"መጡ?" አሉ አሮጊቷ። "እነዚህን እኔ ነኝ ያተረፍኳቸው። ምስጥ እሱ ነበር የሚያውቅበት፤ እኔ ያገኘሁትን ለቀምኩ።"

"ምን ሆነ፣ እማማ?"

"ትናንት ጠዋት ፈታሾቹ መጡ። ካድሬው ከአውራጃ ነው፤ አላውቀውም። ወርቅአፈራሁ ቀድሟቸው ሮጦ ደረሰ፣ ላብ በላብ ሆኖ። ቁልፉን አውጥቶ ራሱ ከፈተላቸው። እኔ በአጥሩ እያየሁ ነው። ካድሬው 'ይህን ምስጥ ማን ነው የሚያመጣው?' አለ። 'እኔ' አለ። 'ቤቱስ?' አለው። 'በእኔ እጅ ነው፤ ባለቤቱ ደሴ ነው፣ ካስረከበኝ ቆየ።' ደብተር አገኙ። 'ይህ የማን ነው?' ቢሉት 'የእኔ ነው' አለ። 'አንብበው' አሉት። አነበበላቸው እኮ! እንቁላል የጣለችበትን ቀን፣ የተፈለፈሉበትን ቀን፣ ፊደሉን እየገፋ። እየሳቁ ሊወጡ ነበር።"

ሙሄዲን ሳጥኑን ከአሮጊቷ ጭን ተቀበሉ።

"ከዚያ ካድሬው ዞር ሲል መጋረጃውን አየ። ወርቅአፈራሁ ፊቱ ቆመ። 'እዚያ የምተኛው እኔ ነኝ፤ ማንንም አላየሁም፣ በሚካኤል!' አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ገፍትረውት መጋረጃውን ቦጨቁት። ማንም የለ። ባዶ ነው።" አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "ያን ጊዜ ሳቀ። ምን ነካው? ከት ብሎ ሳቀ፣ ዕንባው እስኪወርድ። ካድሬውም ቆሞ አየውና 'ሌላ ነገር ትጠብቅ ነበር ማለት ነው' አለው። ኮታው አንድ ሰው ጎድሎ ነበር አሉ። ማታውኑ በመኪናው ጭነው ወሰዱት።"

ሙሄዲን ወደ ውስጥ ገቡ። መጋረጃው ወለል ላይ ወድቋል። ጨርቁ ተንጠልጥሎበት በነበረው ሥፍራ፣ በግድግዳው ሥር፣ ሁለት ዳቦ ሳይነካ ተቀምጧል። አንዱ የረቡዕ ነው፤ ደርቋል። የሐሙሱ ከእሱ አጠገብ ነው። በሁለቱ መካከል በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ሲፈቱት አራት ፍሬ አስፕሪን ሆኖ አገኙት።

"ረቡዕ ዕለት ሦስት ጊዜ ተመላልሷል" አሉ እማማ ወለተ ማርያም ከደፉ ላይ። "ወፎቹን 'ምነው ድንቢጦች፣ አመማችሁ እንዴ? ዳቦውን ለምን አልበላችሁም?' ሲላቸው ሰምቻለሁ። እኔማ እንዲህ ለወፍ የሚጨነቅ ሰው አይቼ አላውቅም።"

በዚያ ቀን ሙሄዲን የቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጥር ድረስ ሄደው እስከ አስር ሶላት ቆሙ። ገብተው እውነቱን ቢናገሩ ግመሎቹ ከዳዌ ሳይደርሱ ይያዛሉ፤ ባይናገሩ ያ ሰው ባልነበረ ሰው ምክንያት እንደሄደ ይቀራል። የሶላት ጥሪው ሲሰማ ወደ ቤት ተመለሱና በሳፊያ ግድግዳ ሥር ምስጥ ይቆፍሩ ጀመር።

በማግሥቱ አራቱም ጫጩቶች ከቅሉ ወጡ። ሙሄዲን የስፌት መኪናቸውን ከሰኞ ገበያ አንሥተው ኮምቦልቻ ተከሉት፤ የወፎቹንም ውሃ በየቀኑ ለወጡ።

ጀላል በሰኔ 1983 ከዳዌ ተመለሰ። ወርቅአፈራሁ አልተመለሰም።